«አለኝ» አትበለኝ፤ ክፈተውና አሳየኝ

«ባክአፕ አለኝ» አልክ? እሺ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የከፈትከው መቼ ነው?

«መክፈት ደግሞ ለምን?» ካልከኝ መልሴን አግኝቻለሁ። ኮፒ አድርገህ እንደሆነ አልጠየቅኩህም። ኮፒውን ቢሮውም ያደርጋል፣ ፎቶ ቤቱም ያደርጋል፣ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፈው ልጅም በየማታው ታደርጋለች። እኔ የጠየቅኩህ ያ ቅጂ ከተቀመጠበት ወጥቶ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ፣ ሲነበብና ሲሠራበት በዓይንህ አይተህ ታውቃለህ ወይ ብዬ ነው። ካላየህ በእጅህ ያለው ባክአፕ መሆኑን በምን አወቅህ?

ይህን ጥያቄ ይዤ ከብዙ ሰው ጋር ተሟግቻለሁ። ያኮረፈብኝም አለ። ያኩርፍ፤ የልጆቹን ፎቶ፣ የአምስት ዓመት ሂሳቡን፣ ጽፎ የጨረሰውን መጽሐፍ አጥቶ ጥገና ቤት ደጃፍ ከሚያለቅስ ሰው ያኮረፈ ሰው ይሻለኛል። ያሉኝም የመለስኩላቸውም እነሆ።

«ሲስተሙ ራሱ በየሌሊቱ ባክአፕ ያደርጋል» አለኝ የአንድ ድርጅት የአይቲ ኃላፊ፣ እግሩን አነባብሮ።

ወንድሜ፣ የጊትላብም ሲስተም በየቀኑ ያደርግ ነበር። ጊትላብ በዓለም ዙሪያ ያሉ የፕሮግራም ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚያኖሩበት ቤት ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. በምሽት ይሠራ የነበረ አንድ ኢንጂነር የተጠባባቂውን ዳታቤዝ ፎልደር ያጸዳ መስሎት የዋናውን አጠፋ። ነቅቶ ትእዛዙን ሲያቋርጥ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ነበር። ባክአፕ አለ ተብሎ ተሮጠ። አምስት ዓይነት መከላከያ ነበራቸው፤ በዚያች ሰዓት በወጉ የሠራ አንድም አልተገኘም። የየዕለቱ ቅጂ የሚቀመጥበት ቦታ ሲከፈት ባዶ ነው። ቅጂውን የሚወስደው ፕሮግራም የ9.2 ስሪት፣ ዳታቤዙ የ9.6 ስሪት ስለነበረ ሥራው በየቀኑ ይጀምራል፣ በየቀኑ ይወድቃል።

«ቢወድቅማ ኢሜይል ይልክልኛል» አለኝ።

የእነሱም ልኮ ነበር። ኢሜይሉ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ፊርማ ስላልነበረው ተቀባዩ ሰርቨር መለሰውና ማንም ሳያየው ቀረ። ያተረፋቸው አንድ ኢንጂነር ለሌላ ሥራ ብሎ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። በእነዚያ 6 ሰዓታት ውስጥ የተሠራው ግን ሄደ፤ ጉዳቱ 5,000 ገደማ ፕሮጀክት፣ 5,000 ገደማ አስተያየትና 700 ገደማ አዲስ ተጠቃሚ ላይ ደረሰ። ይህን ሁሉ ያወቅነው እነሱው ራሳቸው አንድ በአንድ ጽፈው ስላወጡት ነው፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ሲስተምህ ሲወድቅ ብቻ እንዲናገር አታድርገው። ሲሳካለትም ይናገር፤ ስንት ፋይል፣ ስንት ጊጋባይት እንደገለበጠ ጠዋት ጠዋት ይንገርህ። መልእክቱ የቀረ ዕለት ትነሳለህ። ትናንት 40 ጊጋ የነበረው ዛሬ 2 ኪሎባይት ከሆነም ቡናህን ትተህ ትነሳለህ።

እግሩን አወረደ።

«እኛ ዘንድ እንኳ ልጆቹ ጠንቃቆች ናቸው፤ ማን ያጠፋዋል?» አሉ አጠገቡ የተቀመጡት ሥራ አስኪያጅ።

ጋሼ፣ የፒክሳር ልጆችም ጠንቃቆች ነበሩ። በ1998 እ.ኤ.አ. «ቶይ ስቶሪ 2»ን ሲሠሩ አንዲት አጭር የማጥፊያ ትእዛዝ የፊልሙን አብዛኛውን ክፍል ጠራርጋ ወሰደችው። ወደ ባክአፑ ቢሄዱ ለአንድ ወር ያህል በትክክል ሲሠራ አልነበረም፤ ሞክሮ የነገራቸው ሰው የለም። ፊልሙን ያተረፈችው ጋሊን ሰስማን ናት። ልጅ ወልዳ ከቤት ትሠራ ስለነበር ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ቅጂ ነበራት። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ መኪና ላይ ጭነው፣ እንደ ሕፃን ደግፈው አመጡት። እርስዎ ቢሮ ውስጥ አራስ ማን አለች?

ሥራ አስኪያጁ አሰቡ። «የለችም» አሉ።

እንግዲያው ባክአፑን ያስሞክሩ ጋሼ።

የሂሳብ ክፍሏ እህታችን ቆፍጠን ያለች ናት። «እኔ በየወሩ መጨረሻ የሂሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን ባክአፕ አድርጌ ፍላሽ ላይ እይዛለሁ። እኔን እንኳ አትነካኝም» አለችኝ።

እጅሽ ይባረክ እህቴ። በይ ፍላሹን አምጪውና ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንመልሰው።

«የቱ ሌላ ኮምፒውተር?»

ይኸው እንግዲህ! ይህ ኮምፒውተር ነገ ጠዋት አልነሳም ቢልሽ ያንን ፋይል የሚከፍተው ፕሮግራም የት አለ? ሲዲው ማን እጅ ነው? የመጫኛ ቁጥሩስ? በአዲሱ ስሪት የተወሰደ ባክአፕ በአሮጌው ስሪት አይመለስም። ቅርንጫፍ ቢሮው አሮጌውን ጭኖ ከሆነ ፍላሽሽ እዚያ ደርሶ ምንም አያደርግም።

«እሺ፣ እዚሁ ልሞክረው» ብላ እጇን ወደ ማውሱ ሰደደች።

እንዳታደርጊው! ነባሩ ድርጅት ላይ ከመለስሽው የወር መጨረሻው ቅጂ ዛሬ ያስገባሽውን ሁሉ ይሸፍነዋል። በሙከራ ላይ ዋናውን ያጠፉ ሰዎች ሞልተዋል። ሲጠይቅሽ «አዲስ ድርጅት» የሚለውን መርጠሽ ለብቻው አውጪው። ከዚያ ትራያል ባላንሱን አትሚና በወሩ መጨረሻ ተፈርሞ ፋይል ከገባው ወረቀት ጋር አስተያዪው። ዴቢቱም ክሬዲቱም እስከ ሳንቲሙ ከገጠመ ያኔ ባክአፕ አለሽ፤ እኔም አልነካሽም። አንዲት ጥያቄ ብቻ ትቀረኛለች፤ ፍላሹ ማታ የት ነው የሚያድረው?

«እዚሁ፣ መሳቢያዬ ውስጥ።»

እሳት ቢነሳ መሳቢያውን ከፍቶ ይሮጣል? ማርች 10 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል በእሳት ተያያዘና አንደኛው ሕንፃ እንዳለ ወደመ። ዋናውንም ባክአፑንም እዚያው ያኖሩ ደንበኞች ሁለቱንም በአንድ ሌሊት አጡ። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ውስጥ ከባትሪ የተነሳ እሳት የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያኖሩበትን ጂ-ድራይቭ አወደመው። 858 ቴራባይት ነው። መጠኑ ትልቅ ነው ተብሎ ሌላ ቦታ ቅጂ አልተያዘለትም ነበር። ስለ ኮምፒውተር ለዓለም የምታስተምር ሀገር ናት ይህ የደረሰባት።

ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋት ደንብ አለች፤ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ዕቃ፣ 1 ከግቢ ውጭ። ጥሩ ደንብ ናት። ኋላ የመጡ ባለሙያዎች መጨረሻዋ ላይ ዜሮ ጨመሩባት፤ ተመልሶ ሲሞከር ዜሮ ስሕተት ለማለት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ያቺን ዜሮ መጀመሪያ ላይ አኖራት ነበር። ያልተሞከረ ሦስት ቅጂ ከምትሰጡኝ ተከፍቶ የታየ አንድ ስጡኝ።

የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፈው ልጅ ሳቀችብኝ። «እናንተ በፍላሽ ቀራችሁ እንጂ የእኔ ጉግል ድራይቭ ላይ ነው። እዚህ የጻፍኩት ሁሉ ወዲያው እዚያ ይገባል።»

እዚህ ያጠፋሽውስ?

ሳቋን ገታች።

እሱም ወዲያው እዚያ ይጠፋል የኔ ልጅ። መጣያው ውስጥ 30 ቀን ይቆይልሻል፤ ከዚያ በኋላ አገኘዋለሁ ብለሽ አትተማመኚ። ምዕራፍ ሦስትን በስሕተት ሰርዘሽ ምዕራፍ አምስት ላይ ስትደርሺ ብትነቂስ? ሁለት ቦታ እኩል የሚንቀሳቀስ ነገር ጥፋቱንም እኩል ይቀበላል። የየቀኑን ስሪት ለብቻው፣ ቀኑን በስሙ ላይ ጽፈሽ አስቀምጪው። ያንንም ጓደኛሽ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺው፤ ማጣቀሻዎቹ፣ ሠንጠረዦቹ፣ ሥዕሎቹ በቦታቸው ካሉ እንቅልፍሽን ተኚ።

ይህች ነገር የትልልቆቹም መከራ ናት። የመርከብ ኩባንያው ሜርስክ ጁን 27 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ኖትፔትያ በተባለው ቫይረስ ሲመታ፣ ማን ሠራተኛ እንደሆነና ማን የት መግባት እንደሚችል የሚያውቁ 150 ገደማ ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ ነበሩት። አንዱ ቢሞት ከሌላው ይገለበጣል ተብሎ እርስ በርሳቸው ይመሳሰሉ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጠፉስ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ በአንድ ጊዜ ጠፉ። አንድ ብቻ ተረፈ፤ ጋና የነበረው። ያተረፈውም መብራት ነው! ቫይረሱ ሲመጣ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ከመስመር ወጥቶ ነበር። እኛ መብራት በጠፋ ቁጥር የምንለውን እናውቃለን፤ ያን ቀን ግን የጋና መብራት መጥፋት አንድ ግዙፍ የዓለም ኩባንያን ከጥፋት አወጣ። ቀጥሎ የመጣው ጣጣ ግን ትልቅ ትምህርት አለው። የጋናው ኢንተርኔት ደካማ ስለነበር መረጃውን ወደ እንግሊዝ ለመላክ ቀናት ይፈጅ ነበር። ዲስኩን ይዞ ይብረር ቢባል ከጋናዎቹ ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ ያለው የለም። በመጨረሻ አንዱ ናይጄሪያ ድረስ ይዞት ሄደ፤ እዚያ ሌላ ሰው ተቀብሎት ወደ ለንደን በረረ።

«እኛማ የከፈልንበት ክላውድ ላይ ሁሉም አለን» ላለኝ ነጋዴ ይህንን ነው ያነሳሁለት። አለህ፤ በስንት ቀን ይደርስሃል? በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር 1 ቴራባይት ለማውረድ፣ መስመሩ አንድም ጊዜ ሳይቆራረጥ፣ ከ9 ቀን በላይ ይፈልጋል። 9 ቀን ሙሉ ሱቅህ ደንበኛ አያስተናግድም ማለት ነው። ካሼሯ ምን ትበል? «እየወረደ ነው» ትበል? ስለዚህ ስትሞክር ሰዓት ያዝ። ቶሎ የሚያስፈልግህንና ሊቆይ የሚችለውን ለይ፤ ቶሎ የሚያስፈልገው አጠገብህ ባለ ዲስክም ላይ ይኑር።

አሁን ወደ ፍላሽ ልመለስ፣ ምክንያቱም የሀገሬ ሰው በብዛት የሚያለቅሰው በዚህ ነው።

«2 ቴራ ፍላሽ በርካሽ አገኘሁ፤ የሠርጉን ቪዲዮ በሙሉ ጫንኩበት» አለኝ አንድ ወዳጄ። ጫንከው ወይስ የተጫነ መሰለህ? ውስጡ ትንሽ ሆኖ ኮምፒውተሩን «እኔ 2 ቴራ ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ የተሠራ ፍላሽ ገበያ ላይ አለ። ሲሞላ አያማርርም። የፋይሉን ስም ይጽፋል፣ መጠኑን ያሳያል፣ ውስጡን ግን ይጥለዋል ወይም በቀደመው ላይ ይደርበዋል።

«ዝርዝሩን አየሁት እኮ፤ ሁሉም አለ» አለ።

ያየኸው ፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ ይኑር አይኑር ፖስታውን ቀድደህ እይ። ፍላሽ ስትገዛ ምንም ከመጫንህ በፊት ኤችቱቴስትደብልዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙላው፤ ሊኑክስ ወይም ማክ ከሆንክ ኤፍ3 የሚባለው አለልህ። እስከ አፉ ይሞላውና የጻፈውን ሁሉ መልሶ ያነባል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ይፍጅ፣ አንተ ተኝተህ ይሠራል። ለተጫነው ቪዲዮ ደግሞ የመጀመሪያውን ደቂቃ አይተህ አትዝጋው። ወደ መሐሉ፣ ወደ መጨረሻው ሂድ። ፋይል መሐል ላይ የሚሞትበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቀለበቱ የታሰረው ደግሞ መሐል ላይ ነው።

ከሁሉ ያሳዘነኝን ልንገራችሁ።

አንድ አዛውንት ደራሲ «እኔስ ጠንቃቃ ነኝ» አሉኝ። «ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጻፍኩት ሁሉ አለ። ከፍሎፒ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ሃርድ ዲስክ እያሸጋገርኩ እዚህ አድርሼዋለሁ።»

አባቴ፣ አንዱን ይክፈቱልኝ።

ከፈቱት። ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ አንድም ነገር አልጎደለበትም። ስክሪኑ ላይ የተደረደረው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት መዓት ነው። አዛውንቱ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። ዓይንዎ ደህና ነው አባቴ፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ስሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቢሮ ውስጥም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ የጥንቶቹ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በላቲን ፊደሎች ቦታ የእኛን ፊደል ቅርጽ እያስቀመጡ ያሳዩን ነበር። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ነው፤ ፎንቱ የሌለበት ላይ ማንም የማያነበው ነገር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማተሚያ ቤቱ፣ በየአጥቢያው ስንት ደብዳቤ፣ ስንት የፍርድ ሰነድ፣ ስንት ያልታተመ ድርሰት በዚህ መልክ ተቀምጦ ይሆን? ባክአፕ አለው፤ ሦስትም አራትም አለው። የሚያነበው የለውም።

መድኃኒቱ አለ። የተጻፈበትን ፎንት ፈልጎ ከፋይሎቹ ጋር እዚያው ፎልደር ውስጥ ማኖር። ፎንቱ ተጭኖ በትክክል ሲታይ ፒዲኤፍ አድርጎ ማውጣት፤ ፒዲኤፉ ፎንቱን አብሮ ይይዛል። ከዚያ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር። መቀየሪያው ፕሮግራም «ቷ»ንና «ኳ»ን የመሳሰሉትን፣ ሥርዓተ ነጥቡን፣ የግዕዝ ቁጥሩን ሊያዛባ ስለሚችል ከፒዲኤፉ ጋር እያስተያዩ ማንበብ ነው።

«ይህን ሁሉ ማን አንብቦ ይጨርሰዋል?» አሉ።

አባቴ፣ ይህን የሚሉኝ የጸሐፍት ልጅ ሆነው ነው? በሀገራችን ብራና ሲገለበጥ ገልባጩ ጨረስኩ ስላለ አያበቃም፤ ከምንጩ ጋር ተነጻጽሮ ይታረማል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. በሚባለው ፕሮጀክት ወደ 9 ሺህ የሚሆኑ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሱ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ሄደ። ፊልሙ ካዝና ገባ ተብሎም አልተተወም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሺህ የሚቆጠሩትን እያነበቡ፣ በየብራናው ውስጥ ምን እንዳለ እየመዘገቡ ካታሎጉን አወጡ። ዛሬ ከእነዚያ ብራናዎች መካከል ዋናቸው የጠፋ አለ፤ ቅጂያቸው ግን ይነበባል፣ ምን እንደሆነም ይታወቃል። እርስዎ የራስዎን ድርሰት በሳምንት አንዲት ምዕራፍ ቢያነቡ ምን ይከብድዎታል? እኔም ከጎንዎ ቁጭ ብዬ አነባለሁ፤ ይኸው ቃሌ።

ከዱባይ ጠቅልላ የገባች እህት ደግሞ «የእናቴ ድምፅ በሙሉ ዋትስአፕ ላይ ነው፤ ባክአፑም በርቷል፣ አትስጊ ብለውኛል» አለችኝ። እናቷ አርፈዋል።

በየትኛው ቁጥር ነው የተያዘው?

«በዱባይ ቁጥሬ።»

ሲሙስ?

«ምን ያደርግልኛል ብዬ ጣልኩት።»

እህቴ፣ ይህ ስልክሽ ወድቆ ቢሰበር ዋትስአፕ ባክአፑን የሚመልስልሽ በዚያው ቁጥርና በዚያው የጉግል አካውንት ስትገቢ ነው። ቁጥሩ ከሌለ ማረጋገጫው ኮድ ለማን ይመጣል? አካውንቱም የይለፍ ቃሉን ብትረሺ ኮዱን የሚልከው ለዚያው ለተጣለው ሲም ሊሆን ይችላል። ባክአፑን በራስሽ የይለፍ ቃል ቆልፈሽው ከረሳሽው ደግሞ ኩባንያው ራሱ ሊከፍትልሽ አይችልም። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ስልኩ በእጅሽ እያለ፣ ሴቲንግ ገብተሽ «ቁጥር ቀይር» በሚለው ወደ ኢትዮጵያ ቁጥርሽ አዛውሪው። የጉግል አካውንቱንም መመለሻ ቁጥር ቀይሪ። ባክአፑን እንደገና አስነሺ። የእናትሽን መልእክቶች ደግሞ ለብቻቸው ከነድምፃቸው አውጥተሽ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጪ፤ አስቀምጠሽም አትሂጂ፣ ሁለቱን ሦስቱን አዳምጫቸው። ያን ጊዜ ነው «አለኝ» የምትዪው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልመልስ።

«ሰርቨሩ ሁለት ዲስክ አለው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል።» ዲስክ ለሞተበት ደግ ነው። ያጠፋኸውን ፋይል ግን ሁለቱም ተስማምተው ነው የሚያጠፉት።

«ኤክስተርናሉ ሁልጊዜ እንደተሰካ ነው፤ በራሱ ይገለብጣል።» ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስም እንደተሰካ ያገኘዋል። ሥራው ሲያልቅ ንቀለው።

«በፓስወርድ ቆልፌዋለሁ፤ ማንም አይከፍተውም።» አንተስ? ዊንዶውስ ዲስክ የሚቆልፍበት የቢትሎከር መመለሻ ቁጥር 48 አሃዝ ነው። በቃሌ ይዤዋለሁ እንደማትለኝ እርግጠኛ ነኝ። የጻፍክበት ወረቀት ከዲስኩ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ሌባውም አመስግኖህ ይከፍታል፤ የተቆለፈው ላፕቶፕ ውስጥ ጽፈኸው ከሆነ አንተም ደጅ ቀርተሃል።

«ፕሮግራሙ ቬሪፋይድ ብሎ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል።» ፋይሉ ሙሉ መሆኑንና መነበቡን ነገረህ። ውስጡ ያለው ዳታቤዝ ተነስቶ መሥራቱን አልነገረህም። እሱን የሚነግርህ ማስነሳት ብቻ ነው።

«ሻ-256 አውጥቼ ቁጥሩ ገጥሟል።» ጎበዝ፤ ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጥክ። ዋናው ያኔውኑ ተበላሽቶ ከነበረ የተበላሸ ነገር በትክክል ገልብጠሃል። ክፈተው።

«ባክአፑን የሚሠራልን ኮንትራት የያዘ ኩባንያ ነው።» የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲም ሱፐርኮምፒውተሩን ያቀረበው ኩባንያ ነበር የሚሠራለት። ዲሴምበር 2021 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ባክአፕ የሚያደርገውን ፕሮግራም ሲያሻሽል በተፈጠረ ስሕተት ያው ባክአፕ የሚያደርገው ፕሮግራም 77 ቴራባይት የምርምር ፋይል አጠፋ። ኮንትራቱ ላይ «በየሦስት ወሩ እኛ የመረጥነውን ፋይል እፊታችን መልሶ ያሳያል» የሚል አንቀጽ አለ? ከሌለ አስገባ።

ሥራ አስኪያጁ ጋሼ በኋላ ደውለውልኝ ነበር። «እሺ፣ አምኛለሁ። ማን ይሥራው?» አሉ።

ባክአፑን የሚወስደው ሰው አይሁን። እሱ ጉድለቱንም በልምድ ያልፈዋል፤ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ፣ የትኛው ፎልደር መዝለል እንዳለበት በጭንቅላቱ ይዞታል። ሌላ ሰው ይቀመጥ፣ የተጻፈ መመሪያ ብቻ ይሰጠው። መመሪያው የማይበቃው ከሆነ የጎደለውን እዚያው ይጻፍበት። ያ ዋናው ሰው ታሞ፣ ሥራ ቀይሮ ወይም ውጭ ሄዶ ባለበት ቀን ነው ዲስኩ የሚሞተው።

«ምን ምን ይክፈት?»

ከሁሉ ያረጀውን፣ ትናንት የገባውን፣ ከሁሉ የገዘፈውን፤ ከዚያ ቢጠፋ ድርጅቱን የሚያዘጋውን። ጥቂቱን ደግሞ ሰው ሳይመርጥ በዕጣ ይውጣ። ጀምሮ እስኪጨርስ የፈጀው ሰዓት፣ ቀኑና የሠራው ሰው ስም ይመዝገብ። ለዚያ ሰው ደግሞ ግማሽ ቀን ይስጡት፤ በሌላ ሥራ ላይ ደርበው አይጫኑበት። ይህ ጉዳይ ከበጀት ስብሰባ አጀንዳ ሲወጣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜ የሚወጣው «ምንም አልሆነም እኮ» ተብሎ ነው።

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና «ሞክረን ባይከፈትስ?» አሉኝ።

እሰይ ነዋ! ዋናው ሳይጠፋ አወቁት። በዚያች ሰዓት ሌላ ሥራ ሁሉ ይቁም፤ ከዋናው ላይ አዲስ ቅጂ በአዲስ ዲስክ ይወሰድና ከቢሮው ይውጣ። ቀጥሎ ያኛው ለምን እንዳልተከፈተ ይፈለግ። ዲስኩ ከሆነ ይጣል፣ ስሪቱ ከሆነ ይስተካከል፣ ቁልፉ ከሆነ ይገኝ። ሰኞ ያስተካከሉትን ሐሙስ እንደገና ያስከፍቱ፤ እኔንም ቢጠሩኝ እመጣለሁ።